በድምፅ ብልጫ የተቆፈረው ቦይ

የዛሬ ሦስት ዓመት አሰላ ዳር፣ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ፣ ሃያ አራት አባወራዎች በማኅበር ተደራጅተው ቤት የሚሠሩበት ቦታ ተሰጣቸው። መሬቱ ተዳፋት ነው። የውሃ መስመሩንና የጎርፍ ቦዩን ፕላን እንዳወጣ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ቧንቧው በደጄ ይለፍ ያላለ አልነበረም። ቦዩን ግን በደጁ የፈለገ አልተገኘም።

እኔ ቦዩን ቁልቁል፣ በማኅበሩ ሰብሳቢ አጥር ሥር አሳልፌ ሣልኩት። ሰብሳቢው ቤታቸውን ከሁሉ ቀድመው የጨረሱ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው፤ በድምፅ ሳይወሰን ድንጋይ እንኳ ከቦታው እንዲነሳ አይፈቅዱም። ስብሰባ ጠሩና፣ ከላይ በኩል ያለው ሜዳ ሰው ስለሌለበት ቦዩ ወደዚያ ይውጣ አሉ። ሐሳቡ ሁሉንም አስደሰተ። ውሃ ሽቅብ እንደማይሄድ ባስረዳ ሰሚ አጣሁ፤ አንድ ጀሪካን ውሃ አምጥቼ ፊታቸው ደፋሁት። ውሃው ወርዶ የሰብሳቢውን ጫማ አረጠበ። እግራቸውን ፈቀቅ አድርገው በትዕግሥት መለሱልኝ፦

«ይሄ የጀሪካን ውሃ ነው፣ ኢንጂነር። የክረምት ውሃ ጉልበት አለው።»

ሃያ ሦስት እጅ ወጣ። እጃቸውን ያላወጡት አንዲት አዛውንት ብቻ ነበሩ፤ ቦታው ቀድሞ የገብስ ማሳቸው ነበር፣ እዚያው ምትክ ተሰጥቷቸው አባል ሆነዋል። ለምን እንደተቃወሙ ሲጠየቁ፣ «ውሃውን ለስብሰባው ጠርታችሁታል ወይ?» አሉ። ጸሐፊው «አንድ ተቃውሞ» ብሎ መዘገበ። እኔም ክርክሩ ሰልችቶኝ ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረምኩ። እስከ ዛሬ የማፍርበት ፊርማ ነው።

ቦዩ ተቆፈረ። ሰኔ ላይ ከባዱ ዝናብ ሲጥል ሞላ፣ ጥቂት ቆመ፣ ከዚያም ዞሮ ሰብሳቢው ግቢ ገባ። ደውለው ጠሩኝ። ስደርስ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው መሃል ቆመዋል፤ አባላቱ ጃንጥላ ይዘው ከበዋቸዋል። አጥሩ ሥር መውጫ እንቆፍር ብላቸው፣ የማኅበሩ ውሳኔ በማኅበሩ ካልተሻረ ዶማ አይነሳም አሉ። ምልዓተ ጉባኤው እስኪሞላ ሁለት ሰው ጎደለ። ጠበቅን። ውሃው የበረንዳውን ደረጃ ሸፈነ።

አዛውንቷ ሁለት ዶማ ይዘው መጡና አንዱን ሰጡኝ።

«የፈረምከው አንተ አይደለህ? በል ቆፍር» አሉኝ።

ሰብሳቢው ከኋላችን ሰው እየቆጠሩ እኛ ቆፈርን። ውሃው በቀደድነው በኩል ሲወጣ የጎደሉት ሁለቱ ደረሱ፤ ወደ ታች እንዲፈስም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እኔም አባል ሳልሆን ጭቃ የለበሰ እጄን አወጣሁ። ማንም አልከለከለኝም።