እምቢታዋን እሺታ ያደረግሁት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኋትም። ለንስሐ አባቴም ሌላውን ኃጢአቴን አንድ በአንድ ስዘረዝር ይህችን ዘልያት አልፋለሁ። የሰረቅሁት የለም፣ የመታሁት ሰው የለም። ጣቴን አንድ ጊዜ ብርሃን ያለው መስታወት ላይ አሳረፍሁ፤ ኋላም አንዲት ሴት የተናገረችውን ለውጬ ተናገርሁ። ይኸው ነው፣ ሌላ ምን አደረግሁ? እንዲህ እያልሁ ራሴን ብዙ ዘመን አታለልሁት።

የመተማ ሰው ነኝ። ወደ ገዳሪፍ የመጣሁት እንደ አገሬ ልጆች ሰሊጥ ለማጨድ ነበር። ባሱንዳ አካባቢ ከእርሻ እርሻ ስዞር ዓረብኛውን ለመድሁት። ትግርኛውን ልጅ ሆኜ ሁመራ ከአክስቴ ቤት ነው ያገኘሁት። እንግሊዝኛም ከትምህርት ቤት የተረፈችኝ ትንሽ ነበረች። ጦርነት የሸሸው ስደተኛ የድንበሩን ወንዝ ተሻግሮ ሲጎርፍ፣ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ በተተከለው መጠለያ አንድ የእርዳታ ድርጅት አስተርጓሚ ፈለገ፤ እኔም ማጭዴን አስቀምጬ ታብሌት ያዝሁ። የመጠለያው ልጆች «ሙተርጂም» ይሉኝ ጀመር፤ በዓረብኛ አስተርጓሚ ማለት ነው። ስሙን ወደድሁት። ትናንት ወገቤን አጉብጬ ሳጭድ የነበርሁ ሰው፣ ዛሬ እኔ ካልተናገርሁ ሁለት ሰው አይግባባም።

ሥራዬ ምዝገባ ነበር። ሰው በሣር ከተሠራው ዳስ ሥር ፊት ለፊቴ ይቀመጣል፤ ስሙን፣ የመጣበትን፣ አብሮት ያለውን፣ ስልኩንና የሰፈረበትን ቦታ እጠይቃለሁ፤ ፎቶ አነሣለሁ፤ የጣት አሻራ እወስዳለሁ። በመጨረሻ አንዲት ጥያቄ ትመጣለች፤ የሰጡን መረጃ ለሌሎች ድርጅቶች ቢተላለፍ ይስማማሉ ወይ ትላለች። ከሥሯ «አዎ» እና «አይ» አሉ። «አዎ» ከተነካ ምዝገባው ያልቃል፤ የሚቀጥለው ሰው ይጠራል። «አይ» ከተነካ ግን ሌላ ገጽ ይከፈታል፤ ምክንያቱ በእንግሊዝኛ ይጻፍ ይላል፤ ከዚያም አለቃችን፣ ሙዲር የምንለው ሱዳናዊ፣ መጥቶ እስኪያጸድቀው መጠበቅ ነው።

ሰልፉ ፀሐይ ላይ ነው፤ ሕፃናት ያለቅሳሉ። እኔም ጥያቄዋን መጠየቁን ቀስ በቀስ ተውሁት። ለሁሉም «አዎ»ን እነካለሁ። ቢጠየቁም እሺ ይሉ ነበር ብዬ ልከራከር እችላለሁ። ለሌሎቹ ምናልባት። ለተብርሃን የምላት ሴት ግን፣ እኔ ሳልጠይቃት እሷ ጠየቀችኝ።

ስሟ ለተብርሃን አይደለም፤ እዚህ እንዲህ ልበላት። አንዲት ሴት ልጇን ብቻ ይዛ ነው የመጣችው። ልጅቱን ሰምሃር ልበላት፤ የወተት ጥርሷን መንቀል የጀመረች፣ የእናቷን ቀሚስ የማትለቅ ልጅ ነበረች። አሻራዋን ከሰጠች በኋላ ለተብርሃን አልተነሣችም።

«ሓወይ፣ ይኼ የነገርሁህ ሁሉ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለችኝ። ወንድሜ ማለቷ ነው።

«እዚሁ ቢሮ ነው» አልኋት።

«እዚሁ ብቻ?»

«የሚረዷችሁ ሌሎች ድርጅቶችም ያዩታል።»

ወደ ልጇ ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንግዲያው እኔ አልፈቅድም። እምቢ ብላለች በልልኝ። የልጅቱ አባት በሌላ በኩል ተሻግሯል ሲሉ ሰምቻለሁ። በሕይወት መኖራችንን እንዲያውቅ አልፈልግም። ስሜንም ስልኬንም ለማንም እንዳትሰጡብኝ።» ነጠላዋን ከትከሻዋ ገለጥ አድርጋ ያሳየችኝን ጠባሳ መግለጽ አያስፈልግም። ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም።

«እሺ እቴ፣ አይዞሽ» አልኋት። እሺ እያልሁ ጣቴ «አዎ»ን ነካ።

ለምን? ሙዲሩ በዚያው ጠዋት፣ ካሉት ጠረጴዛዎች ሁሉ የሚዘገየው ያንተ ነው ብሎ በሰው ፊት ተቆጥቶኝ ነበር። ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነው። «ባሏ ይደበድባታል» የሚለውን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም ነበር፤ አላውቅም ብዬ ባልደረባዬን መጠየቅ አፈርሁ። ይህችን ለምታህል እፍረት ነው የሰው ልጅ አሳልፌ የሰጠሁት። እሷ አመስግናኝ ሄደች። እኔ የሚቀጥለውን ጠራሁ።

አባትየው ለካ ወድ ኤል ሒለው በሚባል ሌላ የስደተኞች ሰፈር ነበር። እዚያ የተለያዩ ቤተሰቦችን የሚያገናኝ ጠረጴዛ አለ፤ ሄዶ ሚስቴንና ልጄን አጣሁ ብሎ አለቀሰ። የተቀበለው ሠራተኛ ፈለገና አገኘ፤ ደስ ብሎት፣ በሕይወት አሉልህ ብሎ መጠለያውንና የሰፈሩበትን ቦታ ነገረው። ያን ሠራተኛ አልወቅሰውም። ፊቱ ያለው ጽሑፍ ተስማምታለች ይላል። ያን ያስጻፍሁት እኔ ነኝ።

ለተብርሃን ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ሳለ መጣ። ልጅቱን ከድንኳኑ ደጅ አገኛትና አቀፋት። ጎረቤቶቿ ኋላ እያለቀሱ እንደነገሩን፣ የጠፋ ቤተሰብ ተገናኘ ብለው እልል ያሉ ሴቶች ነበሩ። ልጅቱ ስታለቅስም ከደስታ መስሏቸዋል። እናትየዋ ጀሪካኗን ተሸክማ ስትመለስ አባትና ልጅን የጫነው ሪክሻ፣ ባጃጅ ማለት ነው፣ ዋናውን መንገድ ይዞ ሄዷል።

በማግሥቱ ቢሮ መጣች። ሙዲሩ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ እሷ ወዲህ፣ እኔ መካከል። ዓይኗ ደርቋል።

«ያለንበትን ማን ነገረው?» አለች። ተረጎምሁ።

ሙዲሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ኮምፒውተሩን ከፍቶ አየና «መረጃዋ እንዲተላለፍ ተስማምታለች ይላል። እስቲ ጠይቃት» አለኝ።

ጠየቅኋት።

«አልተስማማሁም» አለች። «እምቢ ብያለሁ። ለዚህ ለወንድሜ ነው የነገርሁት፤ እሱ ምስክሬ ነው።» እጇን ወደኔ ዘረጋች።

ሙዲሩ መልሱን እየጠበቀ ያየኛል። እሷም ታየኛለች። በዚያች ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። እኔም በዓረብኛ «ያን ቀን ተጨንቃ ስለነበር ያለችውን በደንብ አታስታውስም» አልሁት። ወደ እሷ ዞሬ ደግሞ «ጥያቄው ሳይገባሽ እሺ ብለሽ ይሆናል ይላል» አልኋት። ሙዲሩ እንዲህ አላለም።

«አንተስ ሓወይ? እምቢ ማለቴን አታስታውስም?» አለችኝ።

«እቴ፣ የምመዘግበው ብዙ ሰው ነው» አልኋት።

ጣቴ «አዎ»ን የነካው በችኮላ ነው ልበል። ይህንንስ ምን ልለው ነው? ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ፣ ሙተርጂም መባሉን እንዳላጣ ፈራሁ፤ አስቤበት፣ ቃላቱን መርጬ ነው የዋሸሁት። ሙዲሩ የባልና ሚስት ጠብ ነው ብሎ ነገሩን ዘጋው። እውነቱን ብናገር ኖሮ ስሕተቱ የቢሮው ነበርና ለፖሊስ መደወሉ አይቀርም ነበር። አባትየው ደግሞ በዚያ ቀን ገና ወድ ኤል ሒለው ነበር፤ ይህን ቆይተን ነው ያወቅነው። እሷ ራሷ ሄዳ ስትደርስ ልጅቱን ይዞ ሌላ ቦታ ሄዷል።

ሰምሃር ተመልሳለች። አባቷ የሊቢያን መንገድ ሲያስብ ለአንዲት አሮጊት ጎረቤት ጥሏት ሄደ፤ አሮጊቷም ሰው አጠያይቀው ለእናቷ አደረሷት። ስትሄድ የወለቁት ጥርሶቿ በቅለው ነበር። ግራ ጆሮዋ ግን አይሰማም። ከጥፊ ብዛት ነው።

እናትና ልጅ መጠለያውን ትተው ገዳሪፍ ከተማ ገቡ። ለተብርሃን ሰሊጥ ከሚያበጥሩ ሴቶች ጋር መጋዘን ትሠራለች። ልጅቱን ሐኪም ዘንድ ስታቀርባት ቋንቋው እንዳይቸግራት ብላ የጠራችው ማንን ነው? እኔን። ሄድሁ። ሐኪሙ ጆሮዋን አይቶ ምን አግኝቷት ነው አለ።

«የኔ ጥፋት ነው በልልኝ» አለች። «ሳላውቅ እሺ ብዬ፣ ለአባቷ ያሳየኋት እኔ ነኝ።»

ልጅቱ በደህናው ጆሮዋ ትሰማለች። ፊቷ አልተለወጠም፤ ይህን ደጋግማ የሰማችው መሆኑን አወቅሁ። «አንቺ ነሽ የነገርሽው» እያለች ለምን ያህል ጊዜ እናቷን ስትወቅስ ኖረች? እናትየዋስ ያላለችውን ብያለሁ ብላ ልጇን ስንት ጊዜ ይቅርታ ለመነች?

እኔም ተረጎምሁ። የኔ ጥፋት ነው ትላለች አልሁት። ያን ቀን ከአፏ የወጣውን አንዲት ቃል ሳልጨምር፣ አንዲት ቃል ሳልቀንስ ተረጎምሁ። በሕይወቴ እንደዚያ በታማኝነት ተርጉሜ አላውቅም።

በቅርቡ ድርጅታችን ሥልጠና አዘጋጀ። ከፖርት ሱዳን የመጣች አንዲት ወጣት ስለ አዲሱ ደንብ አስረዳች። ዛሬ በየአገሩ ሕግ እየወጣ ነው፣ ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች እንኳ በዚህ እየተጠየቁ ነው፤ የሰው ስም፣ ፊትና አሻራ የሰውየው እንጂ የመዘገበው አይደለም፤ ሳይጠየቅ የተወሰደ እሺታ እሺታ አይባልም አለች። አሁን ታብሌቱ ላይ «አይ»ን መንካት «አዎ»ን እንደመንካት ቀላል ሆኗል፤ ምክንያት የሚጠይቅ ገጽም የለም። ይህን ሁሉ ለአዲሶቹ አስተርጓሚዎች ወደ አማርኛና ወደ ትግርኛ የመለስሁት እኔ ነኝ። ሲያልቅ አጨበጨቡልኝ። አንዲት አዲስ ተቀጣሪ ቀርባ «ጋሼ፣ እርስዎ እምቢ ያለ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል?» አለችኝ።

«አልገጠመኝም» አልኋት።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እውነቱን ልነግራት ቆርጬ ወደ መጋዘኑ ሄድሁ። ለተብርሃን ወንፊቷን አስቀምጣ፣ ሰሊጡን ከቀሚሷ እያራገፈች በፈገግታ መጣች። ለጓደኞቿም «በዚያ በክፉ ቀን አጠገቤ ቆሞ የተናገረልኝ ወንድሜ ይኼ ነው» ብላ አሳየችኝ። ሴቶቹ መረቁኝ። አሜን ብዬ ተመለስሁ። ምርቃቱንም ወሰድሁ ማለት ነው።

ገጹ ነው ያሳሳተኝ፣ ሙዲሩ ነው ያቻኮለኝ፣ ያን ጊዜ ደንብ አልነበረም ልል እችላለሁ። ደንብ ባይኖርስ? ሴትዮዋ በአፏ፣ በሚገባኝ ቋንቋ፣ እምቢ ብላኛለች። ከዚህ በላይ ምን ደንብ ያስፈልገኝ ነበር? ማሽኑ የማያውቀውን እኔ አውቅ ነበር፤ አውቄ ዋሸሁ።

እናንተ የምታነቡ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ አትበሉኝ። ይህን ለእናንተ የነገርሁት ከእሷ በፊት ነው። ስሟን ብለውጥም፣ ዛሬም ሳላስፈቅዳት የእሷን ነገር ለሰው ሰጠሁ፤ ይህም ሌላ በደል ነው። ነገ መጋዘኑ ከመዘጋቱ በፊት እሄዳለሁ። እሄዳለሁ ማለት ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ስለዚህ ሄጄ እስክናገር ድረስ አትመኑኝ። ይቅር ብትለኝም ባትለኝም ለእሷ የምለው ብዙ የለኝም። ዋናውን የምነግረው ለልጅቱ ነው። አጠገቧ ተቀምጬ፣ እናትሽ እምቢ ብላ ነበር እላታለሁ።