ዝናቡ የወረደበት ሰዓት

መንግሥት ከተለወጠ ትንሽ ቆይቶ ነገሌ፣ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጥበቃ ሆኜ ተቀጠርኩ። ግቢው መሀል የዝናብ መለኪያ ቆሟል፤ አፉን ወደ ሰማይ የከፈተ ቆርቆሮ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ያነበው የነበረው ሰው ወደ ያቤሎ ሲዛወር፣ ‹‹አንተ እንደሆንክ እዚሁ ነህ፣ ፊደልም ቆጥረሃል›› ብለው ለእኔ ሰጡኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ለዚህ ይበቃ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ምልክት ባለው ብርጭቆ እለካና ስንት ሚሊ እንደሆነ ቅጹ ላይ እጽፋለሁ። ካልዘነበ ዜሮ ነው። ዋናው ወረቀት አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ቅጂው ቢሮ ይቀራል። ጡረታ እስክወጣ ይኸው ነበር።

ባለቤቴ ባረፈች በዓመቱ ማዘጋጃ ቤት አስጠራኝ። ለከተማው የጎርፍ ቦይ ሊሠራ ነው። ቦዩ ስንት ሜትር ይስፋ የሚለውን በኮምፒዩተር የምታሰላ ወጣት መሐንዲስ ከአዋሳ መጥታለች፤ ለስሌቱ የድሮውን የዝናብ ወረቀት ትፈልጋለች። ከወረቀቱ ጥቂቱን ምስጥ በልቶታል፣ የተረፈውም በእኔ እጅ የተሞነጫጨረ ነው። ያኔ ምንም ነገር አይሰማኝም ነበር። ሐዘን ነው እንዳልል እንባ የለውም፤ ብዙ የተቀመጡበት እግር እንደሚደነዝዘው ያለ ነው። ና አሉኝ፣ ሄድኩ።

እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ለአንድ ቀን አንድ መስመር፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የወረደው ዝናብ። መስመር ከተዘለለ ፕሮግራሙ ፋይሉን አልቀበልም ይላል አለችኝ። ኮምፒዩተሩ ጳጉሜን ስለማያውቅ ቀኑን ሁሉ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ትመልሰዋለች። የእኔ የጠዋት ሦስት ሰዓት ለእሱ ዘጠኝ ነው።

‹‹ምስጥ የበላውንስ ዜሮ ልበልሽ?›› አልኳት።

‹‹እንዳይሉ አባባ! ዜሮ ማለት አልዘነበም ማለት ነው። ይሄ ግን አይታወቅም። ለማይታወቅ ሌላ ምልክት አለው።››

የእኛ አገር ዝናብ ሲነበብ አብዛኛው ዜሮ ነው። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ከብት ያለቀበት ዓመት ላይ ስንደርስ ሥራው ፈጠነ። ‹‹ይሄ ዓመት እንዴት ቀላል ነው!›› አለች። ‹‹አዎ፣ ቀላል ነው›› አልኳት። ያን ዓመት ከዱብሉቅ የሚመጡ ሾፌሮች የሞተውን ከብት ሽታ ፈርተው መስኮት ዘግተው ይነዱ ነበር። እኔ ዜሮ ማለቴን ቀጠልኩ።

ከተማው ወሬውን ሰምቷል። ጎርፉ ከሚወርድበት ቦረቦር ዳር ቤት ያለው ሰው ቦዩ ከሰፋ ይፈርስበታል፤ ታች ሰፈር ያለው ደግሞ ካልሰፋ በየዓመቱ ጎርፍ ይገባበታል። ስለዚህ ሁሉም እኔን መንገድ ላይ ማቆም ጀመረ። ቦረቦሩ ዳር የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ ሰላም ይለኛል፣

‹‹አካም፣ አባባ! ዛሬስ ስንት አዘነቡ?››

‹‹ናጋ ነው። የተጻፈውን ነው የማነበው።››

‹‹ኧረ ትንሽ ቀነስ ያድርጉት፣ የልጆች አባት ነኝ።››

ታች ሰፈር ጫማ የሚሸጡ ሐጂ ደግሞ ከሱቃቸው በር ሆነው ይጣራሉ። ‹‹አንቱ ሰው፣ እንዳይሰሙት! ከፍ ያድርጉት። ባለፈው ሚያዝያ ግራ እግሩ ብቻ የቀረ ጫማ ለማን ልሽጥ?››

‹‹ሐጂ፣ ዝናብ የሚያወርደው አላህ ነው እንጂ እኔ ነኝ እንዴ?››

‹‹አላህማ አውርዶ ጨርሷል። አሁን የቀረው የአንቱ ነው።››

ሰው ሳቀ። እኔም እንደሚሳቅ አወቅሁና ሳቅሁ።

ታናሽ እህቴም ቦረቦሩ ዳር ናት። ባሏ ጥሎላት የሄደው ያንን ቤት ብቻ ነው፤ ፊት ለፊቱ ላይ ሻይ በግመል ወተትና ሳምቡሳ ትሸጣለች፣ ከኋላ ትተኛለች። ባለቤቴ ካረፈች ጀምሮ ምሳዬን የምበላው እዚያ ነው። እሷ ዝናቡን ቀንስ አላለችኝም። ‹‹ብላ›› ብቻ ነው የምትለኝ።

አንድ ቀን አንድ ትልቅ ቁጥር አነበብኩ፤ የሚያዝያ ዝናብ ነው። መሐንዲሷ መጻፏን አቆመች።

‹‹አባባ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ በስንት ሰዓት ውስጥ ነው የወረደው?››

‹‹ቅጹ እሱን አይጠይቅም። የቀኑን ድምር ነው የሚለው።››

‹‹እሱን አውቃለሁ። ፕሮግራሙ ግን ይጠይቃል። ቀኑን ሙሉ ብበትነው ጠባብ ቦይ ይበቃል። በአንድ ሰዓት ካወረድኩት ሰፊ ይፈልጋል። በየሰዓቱ የተለካ እዚህ አካባቢ አጣሁ። ሰዉን ብጠይቅ ሁሉም እንደ ቤቱ ነው የሚነግረኝ። እርስዎስ ምን ያስታውሳሉ?››

‹‹ሰፊ ከሆነ እስከ የት ይደርሳል?››

ካርታውን ወደ እኔ አዞረችው። መስመሩ በእህቴ ቤት ላይ ያልፋል። የማን ቤት እንደሆነ አታውቅም፣ አልነገርኳትም። ነገ ልንገርሽ አልኳት።

እህቴ ዘንድ ሄጄ ነገርኳት። ሳምቡሳውን ከዘይት እያወጣች ሰማችኝ።

‹‹እና ምን ልትላት ነው፣ ጋሼ?››

‹‹እንጃ።››

‹‹ሌሊቱን ሙሉ ሲያካፋ አደረ በላት። ማን አይቶሃል?››

‹‹ማንም።››

‹‹አንተ እኮ ዛሬ በዚህ ሙቀት ይዘንባል ብልህ እንኳ ዝም ብለህ ነው የምታየኝ። ቤቱ ቢፈርስም ዝም ብለህ ልታይ ነው?››

ተቆጥታ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አጋጭታ አስቀመጠችው፤ ጠጣሁት። ቤት እስክደርስ ምናልባት አንድ ነገር ይሰማኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ለእህቴ ልዋሽላት ብዬም አሰብኩ። ሐሳቡን አገላብጬ አየሁት፤ ከባድ አልነበረም። ሐጂንም አሰብኩ፤ እሳቸውም አልከበዱኝም። ባለቤቴ ብትኖር ትቆጣ ነበር፤ በየትኛው እንደምትቆጣ ግን ጠፋኝ።

በማግስቱ መሐንዲሷ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ‹‹የእኛ ዝናብ አያድርም ልጄ። ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ ላም ታልባ ወተቷ ሳይፈላ ይሄዳል። ሁሉንም በዚያች ሰዓት ነው የሚያፈሰው።›› ያየሁትን ነው ያልኩት። ሌላውን ለመናገር የሚያስፈልግ ጉልበት ይሁን ፍላጎት፣ አንዱ አልነበረኝም። እሷ ውሃውን ወደ አንድ ሰዓት ሰብስባ ጻፈችው። ቀጣዩን አነበብኩ፤ ዜሮ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ የቦረቦሩ ዳር ቤቶች ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ። ለእህቴ ምትክ ቦታ ከከተማው ጫፍ፣ ሻይ የሚጠጣ ሰው በማያልፍበት ሰጧት። ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ ምሳ አስቀርታብኛለች ማለት አልችልም። ታቀርባለች፣ ‹‹ብላ›› የምትለውን ግን ትታለች።

የሚፈርስበት ቀን ሄጄ መሰላል ያዝኩላቸው። ልብስ ሰፊው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን ይነቅላል፤ የእሱ ቤት ተራው ነገ ነው። እህቴ ከሥር ቆማ ስትቀበል ከቆየች በኋላ፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር፣

‹‹ጋሼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚዘንበው ብትላት ኖሮ ታምንህ ነበር?››

‹‹ታምነኝ ነበር።››

ልብስ ሰፊው ከላይ ሰምቶ መዶሻውን አቆመ። እሷ ግን የያዘችውን ቆርቆሮ ግድግዳው ላይ አስደግፋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች።

‹‹መሰላሉን ለሌላ ሰው ስጥ›› አለችኝ። ‹‹አንተ ሚስማሩን ልቀም። የጎበጠውን በድንጋይ አቃናው፤ እዚያ ማዶ ሚስማር የሚሸጥ የለም።››

ተቀምጬ ሚስማር ሳቃና ዋልኩ።