በሁዳዴ ያጠመድነው ዓሣ

ባለፈው ቅዳሜ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለ የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ፣ ከኋላዬ የቆሙ ሁለት ወጣቶች ክራፒ ስለሚባለው ዓሣ ይከራከሩ ነበር። አንዱ፣ "ሐይቁ አልቆለታል፤ ሙሉ ቀን ውዬ ሦስት ብቻ ነው የያዝኩት" ይላል። ሌላው፣ "ማጥመድ ስለማትችል ነው" ይለዋል። ጣልቃ ልገባ አፌን በላኝ፤ ግን ተራዬ ደረሰና በርበሬዬን ይዤ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼም ቶሎ አላስነሳሁም። እኔም ድሮ በእንዲህ ያለ ክርክር የተነሳ አንድ ጊዜ ከቤት የምባረር መስሎኝ ነበር።

ጊዜው ድርቁ የጠናበት ሰሞን ነው፤ የየግቢው ሣር ሁሉ ገለባ የሆነበት ዓመት። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ በዲቪ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሚድ ዊልሻየር የሚባል ሰፈር ውስጥ ከጋሼ በላይነህና ከባለቤታቸው ከእትዬ ጸዳለ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ጋሼ በላይነህ ታክሲ ነጂ ናቸው። ሰኞ ሰኞ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ዓሣ ሊያጠምዱ ይሄዳሉ። እኔም ከምሠራበት ምግብ ቤት ሰኞ እረፍቴ ስለነበር፣ አንድ ቀን "ነይ፣ ቤት ተቀምጠሽ ምን ትሠሪያለሽ?" ብለው ወሰዱኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ሰኞ አልቀረሁም። ሳምንቱን ሙሉ ሰሃን ተሸክሜ ስሮጥ እውልና ሰው መሆኔ ትዝ የሚለኝ በዚያች ቀን ነበር።

ማለዳ ተነስተን ወደ ሰሜን እንነዳለን። ተራራውን መውጣት ስንጀምር ጆሯችን ይደፈናል፤ ከዚያ ድንገት ሐይቁ ከታች ይታያል። ክራፒ ጠፍጣፋ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው፣ ከመዳፍ ትንሽ የሚበልጥ ዓሣ ነው። ከንፈሩ ስስ ስለሆነ የቸኮለ ሰው ሲስበው ይቀደድና ያመልጠዋል። በጸደይ ግን እንቁላሉን ሊጥል ወደ ዳር ስለሚወጣ እንደ እኔ ያለች ጀማሪም ታጠምደዋለች።

ጸደይ ደግሞ ለእኛ ሁዳዴ ነው። ዓሣ ፆም አይሽርም የሚል ሰው ሞልቷል፤ በጋሼ በላይነህ አፍ ግን በሁዳዴ ዓሣ አይገባም። ስለዚህ የተያዘው ሁሉ "ለፋሲካ" እየተባለ ፍሪዘር ይገባል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ እትዬ ጸዳለ የቋጠሩልንን የሽምብራ ዓሣ እናወጣለን፤ የሽምብራ ሊጥ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ተጠብሶ፣ በወጥ የሚሠራ የፆም ምግብ ነው። ቀዝቅዞም ይጣፍጣል። አጠገባችን ባልዲ ውስጥ እውነተኛው ዓሣ ይንፈራገጣል፣ እኛ የሽምብራውን እንበላለን።

"ጋሼ፣ አንተ እኮ የምትይዘውን አትበላ፣ የምትበላውን አልያዝክ" ይላቸዋል ዮናስ። የታክሲ ጓደኛቸው ነው፤ ጴንጤ ስለሆነ ሁዳዴ አያገባውም፤ በዕድሜ ቢያንሳቸውም ልጅ ሆኖ አሜሪካ ስለመጣ አንቱታ አያውቅም።

"አንተ ዕድሜ ልክህን ፋሲካ ላይ ነህ፣ ምን ታውቃለህ" ይሉታል።

በዚያ ዓመት ዓሣው አነሰ። ዮናስ ድርቁ ነው ይላል፤ ውሃው ስለሸሸ ክራፒው እንቁላል የሚጥልበት ዳር ደርቋል። ጋሼ በላይነህ ደግሞ ሰው ነው ይላሉ፤ ትንሽ ትልቅ ሳይል በባልዲ እያጋዘ የጨረሰው ሰው። በየሰኞው ይኸው ነበር ወሬያችን። እኔም በልቤ ለጋሼ እፈርድ ነበር።

ፋሲካ አለፈ። በሳምንቱ እትዬ ጸዳለ ወገባቸውን ስላመማቸው ፍሪዘሩን እንዳጸዳላቸው ጠየቁኝ፤ ለበጉ ሥጋ ቦታ ጠፍቷል። ሁዳዴን ሙሉ የለቀምነው ክራፒ እዚያው ነበር። ሁለት ወር የፆመ ሰው ዶሮና በግ እያለለት ዓሣ ዞር ብሎ ያያል? ሳይጸዱ የገቡት ሆዳቸው በእንቁላል እንደተወጠረ ድንጋይ ሆነዋል።

"ጣይው" አሉኝ እትዬ ጸዳለ። "በየዓመቱ ነው የምጥለው። ለጎረቤት አደልኩት ነው የምላቸው። እንዳትነግሪያቸው፣ ይከፋቸዋል።"

ሁለት ትልልቅ ከረጢት ሙሉ ወስጄ ጣልኩ። እጄ በብርዱ ሲደነዝዝ አፍሬም እንደነበር አልረሳም፤ ግማሹን ያጠመድኩት እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው ሰኞ ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ቤተሰብ ያጠምድ ነበር፤ አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆችና አንዲት አሮጊት። ባልዲያቸው ግማሽ ድረስ ትንንሽ ክራፒ ይዟል። ጋሼ በላይነህ አዩና ስልካቸውን አወጡ።

"ይኸውልህ ዮናስ፣ ዓሣው የት እንደሚሄድ። የሐይቁን ጠባቂ፣ ሬንጀሩን ኮል አደርጋለሁ፣ መጥቶ ቼክ ያድርጋቸው።"

አሮጊቷ ልጆቹን ዳቦ ታጎርሳለች። እኔን ምን እንደነካኝ እንጃ።

"ጋሼ፣ አይደውሉ" አልኩ። "ባለፈው ሳምንት ሁለት ከረጢት ዓሣ ጣልኩ። ከእኛው ፍሪዘር። እንቁላላቸው ሆዳቸው ውስጥ እንዳለ።"

ዮናስ ማኘኩን አቆመ።

"ማነው ጣይ ያለሽ?" አሉኝ ጋሼ። ፍሪዘሩን የሚያዘው ማን እንደሆነ ግን ራሳቸው ያውቃሉ። ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ፣ ዘንጋቸውን ሰበሰቡ። በጊዜ ወደ ቤት ነዱ።

ፈራሁ። ያጎረሰኝን እጅ የነከስኩ መሰለኝ፤ ባልና ሚስቱንም አጣላሁ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። እትዬ ጸዳለ ሰላምታዬን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ብቻ ይመልሱልኛል። ኮሪያታውን ሰፈር ከምትኖር የሥራ ጓደኛዬ ዘንድ ክፍል እንዳለ ጠየቅኩ። ሰኞ ሲደርስ ሌሊቱን ለብሼ ጠበቅኩ፤ በሬን ያንኳኳ የለም። መኪናቸው ያለ እኔ ስትወጣ በመስኮት አይቼ አለቀስኩ።

በሌላኛው ሰኞ ተንኳኳ። "ተነሺ እንጂ" አሉኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ሐይቁ ዳር ዮናስ እንደ ልማዱ ስለ ድርቁ ጀመረ። ጋሼ በላይነህ ጨርሶ እስኪናገር ጠበቁት።

"ድርቁም ይሆናል" አሉ። "እኔ ግን ስንት ዓመት ለማልበላው ስይዝ ኖሬያለሁ፤ ጸዳለ ስትጥል ኖራለች። ይቺ ልጅ ናት የነገረችኝ። የወለድኳቸው አይነግሩኝም፣ ይፈሩኛል።" ቀጥለውም፣ "ባለፈው ሰኞ ብቻዬን መጥቼ እነዚያን ልደውልባቸው የነበሩትን ሰዎች ፈለግኳቸው። አልነበሩም" አሉ።

የዚያን ቀን መጀመሪያ የያዙት ክራፒ ሆዱ የተወጠረ ነበር። እጃቸውን ውሃ አስነክተው መንጠቆውን ቀስ ብለው አወጡና ለቀቁት። ከዚያ ወዲያ በሁዳዴ ከያዝነው አንድም ቤት ገብቶ አያውቅም። እትዬ ጸዳለም ውለው አድረው ሳቁ፤ ከከረጢት ተሸካሚነት ገላገልሽኝ አሉኝ። ጋሼ ግን አንድ አዲስ ልማድ አመጡ። ገና መኪናውን ሳያስነሱ፣ "የምትነግሪኝ ነገር አለ?" ይሉኛል። ብዙውን ጊዜ የምነግራቸው፣ "ኮሌታዎ ተገልብጧል" የሚል ነበር።

ዓሣው በእኛ ይነስ በድርቁ ዛሬም አላውቅም። የማውቀው፣ አንድ የተከበሩ ሰው በጓደኛቸው ፊት ከአንዲት ተከራይ ልጅ ተግሣጽ መቀበላቸውን ነው። አሁን በእኔ ሥር የሚሠሩ ልጆች ሲያርሙኝ ፊቴ ይቀላል፤ ግን አመሰግናቸዋለሁ። ይህን የተማርኩት ከሳቸው ነው።

ቅዳሜ ዕለት እዚያው መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ደወልኩላቸው። አርጅተው ከልጃቸው ጋር ሌላ ከተማ ነው የሚኖሩት። ስለ ጉልበታቸውና ስለ እትዬ ጸዳለ አውርተን ልንሰነባበት ስንል፣ "የምትነግሪኝ ነገር አለ?" አሉኝ።

"አለ ጋሼ። ያን ጊዜ ‘ከቤቴ ውጪ’ ስላላሉኝ አመሰግናለሁ።"



"እኔ እኮ ያን ሳምንት ትወጪብኛለሽ ብዬ ነበር የፈራሁት" አሉኝ።