የባለወፍጮው ፊት

ናፍጣ ሲሸተኝ አሶሳ አጠገብ የነበረው ወፍጮ ቤት ትዝ ይለኛል። በረመዳን አንድ ቀን፣ ለማፍጠሪያ ማሽላ ልናስፈጭ ከአክስቴ ጋር ተሰልፈን ሳለ ሞተሩ ነጭ ጭስ ተፍቶ ቆመ። ባለወፍጮው፣ «እርጥብ ማሽላችሁ ነው ያቆመው! ወደ ኋላ!» ብሎ ከተራችን አስወጣን።

መካኒኩ መጥቶ ናፍጣ ወደሚረጨው ኢንጄክተር የሚሄደውን ቱቦ ፈታና ሞተሩን አዞረው። በኃይል መረጨት የነበረበት ናፍጣ ጠብ ጠብ አለ።

«ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓ ግፊት የለውም። ማሽላ ምን አደረገህ?» አለው ባለወፍጮውን።

ፖምፓው ታጥቦ ሞተሩ ሲነሳ አክስቴ ወደ ተራዋ ተመለሰች።

«ከኋላ ነሽ ብዬሻለሁ!» አላት ባለወፍጮው።

«ወላሂ፣ ሞተሩ እንኳ ዳነ፤ ያንተን ፊት ማን ይጠግነዋል?» ብላው ማሽላዋን ተሸክማ ወጣች።

ቤት ገብተን እስኪመሽ በድንጋይ ፈጨን። ሰውየው ከሞተ ቆይቷል። ሰዎች «አላህ ይማረው» ሲሉ እኔ «አሚን» ከማለት ይልቅ ያን ፊቱን አስታውሳለሁ።