ወንድሜን ከሐዲድ ያወጣ ጌታ

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን የጌታን ሥራ ሳልናገር ቤቴ ብገባ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ስለዚህ ታገሡኝ።

በደርግ ጊዜ አዋሽ ነው ያደግኩት፤ አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ደመቀ አይናገርም፤ ድንጋይ በመስመር ሲደረድር ይውላል። ሰው ከነካው ይጮኻል፣ ይናከሳል። ሐኪሙ «ጆሮውም ምላሱም ደህና ነው፤ ምን እንደሆነ አላውቅም» አለን። ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሰማነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እኔ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ አፍርበት ነበር። ትምህርት ቤት «ወንድም የለኝም» እል ነበር። አዎ፣ እኔ! ጌታ ይቅር ብሎኛል።

አንድ ቀን ጓደኛዬ ጸሎት ቤት ጋበዘችኝ። ጸሎት ቤት ስላችሁ የሰው ጓዳ ነው፤ ያኔ አማኝ ይታሰር ስለነበር መስኮት ዘግተን በሹክሹክታ ነበር የምንዘምረው። ልቤን ገና አልሰጠሁም፤ ዝማሬው ነው የሳበኝ። አንድ ቅዳሜ እማዬ ገበያ ስትወጣ «ወንድምሽን ጠብቂ» አለችኝ። ይዤው ብሄድ ጩኸቱ ያስይዘናል። ስለዚህ እግሩን በነጠላዬ ከአልጋው ጋር አሰርኩትና ሄድኩ። እስቲ አስቡት፣ ወንድም አስሮ ዝማሬ!

ስመለስ ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ እየሮጡ መጡ። «አንቺ ልጅ! ወንድምሽ ሐዲዱ ላይ ነው፤ ወላሂ ባቡሩ እየመጣ ነው!»

በርሬ ደረስኩ። ነጠላዬን ፈትቶ ወጥቶ፣ በሁለቱ ብረቶች መሀል ቁጭ ብሎ ጠጠሩን ይደረድራል። ባቡሩ ይጮኻል። ብጎትተው መሬት ላይ እንደሚተኛብኝ አውቃለሁ፤ ደግሞ ታናሼ ቢሆንም ከእኔ ይከብዳል። «ጌታ ሆይ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እሱን አትርፍልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ሃሌ ሉያ! «አትጎትቺው፤ አብረሽው ደርድሪ» የሚል ነገር በልቤ መጣ። እኔ እንዲህ ያለ ብልሃት እንደሌለኝ ታውቁኛላችሁ! ከእሱ መስመር ቀጥዬ አንድ ድንጋይ አስቀመጥኩ፤ ከብረቱ ውጭ ሌላ፣ ራቅ አድርጌ ደግሞ ሌላ። ደመቀ አየ። ተነሣ። መስመሩን ተከትሎ፣ እኔ አጣምሜ የደረደርኩትን እያቃና፣ ከሐዲዱ ወጣ። ባቡሩ ከኋላችን አለፈ። እሱ ቀና እንኳ አላለም! እኔ እዚያው አፈሩ ላይ ተንበርክኬ ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ።

ደመቀ ዛሬም አይናገርም። «ታዲያ ፈውሱ የታለ?» የሚል አይጠፋም። የተፈወስኩት እኔ ነኝ፤ ወንድሜን መደበቅ ተውኩ። ያው፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠው እሱ ነው፤ ጭብጨባ ስለሚያስጨንቀው ቀስ በሉለት። ስሙ ይባረክ!

ከእናንተ መካከል ልጇን ቤት ቆልፋበት የመጣች እናት ካለች፣ ጌታን እመኚው። አሁኑኑ ሂጂና ልጅሽን አምጪው፤ እስክትመለሺ እንጠብቅሻለን።