በጆሮ የሚበየድ በር

ስለ ፕላዝማ ሳስተምር ዓመታት ያስቆጠርኩት መጽሐፉን እየደገምኩ ነው። አየር ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ በጣም ሲግል ግን ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቻቸው ይላቀቁና ፕላዝማ ይሆናል፣ ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ በውስጡ ይሄዳል። ይህንኑ ለአባቴ ባብራራለት ሳቀብኝ። አባቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ በያጅ ነው።

"እቴ! ስበይድበት የኖርኩትን ልታስተምሪኝ ነው? ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ነካ አድርገሽ ትንሽ ማራቅ ነው። ከተጠጋ ይጣበቃል፣ ከራቀ ይጠፋል፤ አለቀ።"

እውነቱን ነው፣ ምን እላለሁ! በዚያች ጠባብ ክፍተት የሚነደው ነጭ ብርሃን ራሱ ፕላዝማ ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ይቀዘቅዛል፣ የኤሌክትሪኩም መንገድ ይቋረጣል። በዲግሪዬ ትንሽ አፈርኩ።

ያ ብርሃን ግን ዓይኑን በላው። በባዶ ዓይን ካልሠራሁ ብረቱ አይገባኝም እያለ አንዱን አጠፋው። ሐኪሙ "የቀረችዎትን ከፈለጓት ብየዳ ይተዉ" አለው። እሺ ብሎ መጣ። በሳምንቱ የአንኮበር ሰው የግቢ በር ቢያዘው ተመልሶ ገባበት። ጮህኩበት፣ አኮረፍኩት፣ አለቀስኩ። "ታዲያ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?" አለኝ። ንዴቴ ልክ አልነበረውም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ብየዳ ቤቱ ስገባ የዚያን በር የመጨረሻ ማዕዘን ይበይዳል። ደህና የምንላት ዓይኑ እንባ ሞልቷታል፤ ጆሮውን ወደ ብረቱ አዘንብሏል።

"ምነው ሸዋ! አባዬ፣ አታይም እኮ!"

"እሰማለሁ። ክፍተቱ ልክ ሲሆን እንደሚጠበስ ነገር ይንጣጣል፤ ሲሰፋ ድምፁ ይቆራረጣል። በጆሮዬ ከያዝኩት ቆይቷል።"

ጨረሰና ቀና አለ። ብረቱ ገና ፍም ስለሆነ በእጁ ሊዳስሰው አልቻለም። "እስቲ እይልኝ፣ ቀጥ ብሏል?" አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ፍርሃት ነበር።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከዳር እስከ ዳር አንድም ቦታ አልወላገደም። እኔ ማስመሪያ ይዤ ሰሌዳ ላይ እንዲህ ያለ መስመር አስምሬ አላውቅም። ኮራሁበት፤ ብስመው ደስ ባለኝ።

"ጠማማ ነው" አልኩት።

ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ ማብሪያ ማጥፊያውን አገኘና ማሽኑን አጠፋ።

"አንቺ ካልሽማ ነው። ለሰውዬው ሌላ በያጅ ፈልጊለት" አለኝ።