«አትግቢ ብያት ነበር»

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በጸሎት እንኳ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ኃጢአቴን ስዘረዝር፣ እዚያ ቦታ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። እግዚአብሔር የሚያውቀውን ነገር ከእግዚአብሔር የሚደብቅ ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔን የመሰለ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ዩልስታ፣ የስቶክሆልም ዳር ሰፈር፣ ብቻዬን እኖር ነበር። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ስቶክሆልም ከገባሁ በኋላ፣ በኮምቩክስ፣ ማለትም በአዋቂዎች ትምህርት ቤት፣ ሌላው በልጅነቱ የጨረሰውን አንድ በአንድ ለቀምኩት። ስፓኒሽን የመረጥኩት ከማውቃቸው ሐበሾች ማንም ስለማይማረው ነው፤ ብሳሳት የሚስቅብኝ አይኖርም ብዬ። በቤተ ክርስቲያናችን «እህት አስቴር ከተናገረች እውነት ነው» ይባል ነበር። ይህን ስም እወደው ነበር። ከሚገባው በላይ እወደው ነበር።

ሊዲያ የሽማግሌያችን የጋሽ በየነ ልጅ ናት። ያኔ ጂምናዚየም፣ የስዊድኑን ሁለተኛ ደረጃ፣ ጨርሳ፣ በሰሜን ስፔን የባሕር ጠረፍ ባለች ትንሽ ከተማ ለአንድ ዓመት ቋንቋ ለመማር ቦታ አግኝታ ነበር። አባቷ ግን አልቆረጡም። እኔ በዚያው ትምህርት ቤት የበጋውን ኮርስ ልወስድ መሆኑን ሲሰሙ፣ ከሚኖሩበት ከሶለንቱና ድረስ ቤቴ መጡ። «እህት አስቴር፣ ይዘሻት ሂጂ። በደህና ከተመለሰች ዓመቱንም ትሄዳለች። ባሕር ብቻ እንዳትገባ። አደራ።» ታናሽ ወንድማቸው ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ሲሰጥም ዳር ቆመው አይተዋል። ይህን የማያውቅ አልነበረም። እኔም አውቅ ነበር። «አይስጉ፣ እኔ አለሁ» አልኳቸው።

ትምህርት ቤቱ ጠዋት ስፓኒሽ ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ ለፈለገ ሰው ሰርፍ፣ በቦርድ ላይ ቆሞ ማዕበል መንዳት። መጀመሪያ ላይ ሁለታችን አሸዋው ላይ ተቀምጠን የቤት ሥራ እንሠራ ነበር። ሊዲያ ወደ ውኃው ቀና ብላ አታይም። የማየው እኔ ነኝ። አንድ ቀን አሰልጣኙ በእጁ ሲጠራኝ ተነሣሁ። ጥቁሩን የጎማ ልብስ ለበስኩ፤ ገባሁ። ማዕበሉ ቦርዱን ከሥሬ ሲያነሣው ጮኼ ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ሳቅ ከእኔ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እዚያ ላይ ባበቃ። እኔ ግን ሊዲያን ጠራኋት።

«ኔይ፣ እትዬ። አባዬ አይወድም» አለች፣ ስዊድንኛውን ከአማርኛው ደባልቃ፣ እንደ ልማዷ። በማግስቱም ጠራኋት። እንቢ አለች። በመጨረሻ ምን አልኳት? «አደራውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ፈቅጃለሁ።» አባቷ በእጄ ያስቀመጡትን ሥልጣን፣ እሳቸው የከለከሉትን ለማድረግ ተጠቀምኩበት። እሷም ታላቋ ነኝና ታዘዘችኝ።

ሊዲያ በገባችበት ቀን ቦርዱ ላይ ቆመች። እኔ ስወድቅ ከረምኩ። «እትዬ፣ እንደ ሕፃን አትቀፊው እንጂ፣ ቁሚበት!» ትለኛለች፤ ሁላችንም እንስቃለን። ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበር። ሕጉን የማውቀው እኔ፣ የምትናገረው እሷ። ኮርሱ ሊያልቅ ሲል ቦርዱ ተገልብጦ አገጯን መታት፤ ተሰፋ።

ሶለንቱና ስንደርስ የቤተ ክርስቲያን ሰው እንኳን በደህና መጣችሁ ሊለን ቤታቸውን ሞልቶ ጠበቀን። እናቷ ስታቅፋት ጠባሳውን አየች። «አገጭሽ ምን ሆነ?» ሊዲያ ውሸት አታውቅም፤ «ሰርፍ ስማር ቦርዱ መታኝ» አለች።

ጋሽ በየነ ልጃቸውን አላዩም። እኔን አዩኝ። የተቆጡ አልነበሩም፤ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። «አስቴር፣ አንቺ የት ነበርሽ?»

«አትግቢ ብያት ነበር።»

ይህን አልኩ። ማንም በአፌ አላስገባልኝም። ሊዲያ ቀና ብላ አየችኝ። ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ማድ ቤት ገባች። አጠገቤ የነበረች እህት ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጋ «አንቺ ምን ታደርጊ፣ የዛሬ ልጅ!» አለችኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

የዓመቱ ትምህርት ቀረ። በስዊድን ሕግ ማንም ሊያስቀራት አይችልም ነበር፤ አባቷ «አትሄጂም» ሲሏት ግን ወደ ስፔን ስልክ ደውላ ቦታውን የለቀቀችው ራሷ ናት። ኪስታ በሚባል ሰፈር አንድ ሱቅ ተቀጠረች። ስፓኒሽ ከዚያ ወዲያ አልተማረችም። እኔ ቀጠልኩ፤ ዛሬ አስተማሪ ነኝ፤ እንጀራዬ ስፓኒሽ ነው።

ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ልክ አይሆንም። መፍራቱን ፈርቻለሁ። ነገር ግን ያቺ ቃል ከአፌ ስትወጣ ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ልጅቷ ስትቀር ለምን ቅልል አለኝ? ቀንቼባት ነበር። በስንት ልፋት የያዝኩትን እሷ እየሳቀች ስትይዘው ማየት አልቻልኩም። ይኸው ነው።

ከዓመታት በኋላ ባቡር ውስጥ ተገናኝተን «ሊዲያ፣ ያኔ...» ብዬ ጀምሬ ነበር። «ተይው እትዬ፣ አሮጌ ነገር» አለችኝና ስለ ወገቤ ሕመም ጠየቀችኝ። ተውኩት። ደስ እያለኝ ተውኩት።

ከሁሉ የሚከፋውን ወደ ኋላ አስቀርቼ ነበር። ከስፔን በተመለስንበት ዓመት፣ በአዲስ ዓመት ጸሎት ላይ፣ ጋሽ በየነ ሊዲያን ወደ ፊት ጠርተው፣ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው፣ ስለ አለመታዘዟ በጉባኤው ፊት ይቅር አሏት። እሷ አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። እኔ ከጎናቸው ቆሜ፣ ከሁሉም ጋር፣ «አሜን» አልኩ።

ጋሽ በየነ ዛሬም አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። ይህን ጽሑፍ ከማንም በፊት ለእሳቸው የማነብላቸው እኔ ነኝ፣ ሊዲያ ባለችበት። ይቅር በሉኝ አልላቸውም። ለእኔ ይገባ የነበረውን ይቅርታ ምንም ላላጠፋች ልጅ ሰጥተውታል፤ ስትቀበል ቆሜ አይቻለሁ።